ከታች ነው የሚቆጠረው

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሽመና መኪና ሳበጃጅ ኖሬ፣
ለብርድ ልብስ ፋብሪካ አንዱን ጆሮዬን ገብሬ፣
በጡረታዬ ማግስት ሆስፒታሉ ጠራኝ፦ "የሰርቨር ክፍል ጠብቅ፣
ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ደራርበህ ታጠቅ።"

ለደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ይነገራል?
በሐምሌ በረሳን የተሻገረ እግር ከመቼ ወዲህ ይፈራል?

ስንዱ ተቀበለችኝ። የልጄ እኩያ፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣች፣
ሁለት ሹራብ ደርባ ካፖርት የጫነች።

"ጋሽ ማሙሸት፣ ይሄ ጥቁር ቁም ሣጥን ራክ ነው የሚባለው።
ይሄ አጥንቱ ነው፤ ሥጋው በኋላ ነው የሚሰካው።
ወርዱ አሥራ ዘጠኝ ኢንች፣ የትም ቢሠራ ያው ነው" አለች፤
"ቁመቱ ግን በዩ ነው።"
"በማን?"
"በዩ!" ብላ ሦስት ጣቷን ገጥማ አሳየች።

አንድ ዩ ማለት አንድ ኢንች ከሦስት ሩብ፣
ጋት እንኳ የማይሞላ፣ ጠባብ።
በየዩው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ቀዳዳ፣
እስከ አርባ ሁለት ድረስ የተበሳ ግድግዳ።

ከላይ ጀምሬ ቆጠርኩ። ሰው ሲያነብስ ከላይ አይደል?
ስንዱ ሳቀች፦ "መንዝ ያደገ ሰው ካብ ከጫፍ ይጀምራል?
አንድ የሚባለው መሬቱ ጋ ነው፤ ከባዱም እዚያ ይቀመጣል፤
ዩፒኤሱ፣ ባትሪው። አናቱ የከበደ ራክ ይገለበጣል።"

ሬል አለችኝ፦ ሰርቨሩን እንደ መሳቢያ የሚስብ ሐዲድ።
ኬጅ ነት አለችኝ፦ በአራት ማዕዘን ቀዳዳ የምትነክስ ብረት፤
የአውራ ጣቴን ጥፍር ስለወሰደች
ስሟን ለመያዝ ደብተር አላስፈለገኝም።

ፓች ፓናሉ ጋ ስንደርስ ግን እኔ አስተማሪ ሆንኩ።
ከየክፍሉ የመጣው ገመድ በጀርባው ተሰክቶ አይነካም፤
በፊቱ ያለው አጭሩ ይነቀላል፣ ይሰካል፣ አይደክም።
"ድርና ማግ ነዋ!" አልኳት። "ድሩ ከኋላ፣ ማጉ ከፊት።"
ቆማ አሰበችና በስልኳ ጻፈችው፣ የኔን ቃል፣ እንደ ትምህርት።

የራኩ ፊት ቀዝቃዛ አየር ይጠጣል፣ ጀርባው ትኩስ ይተፋል።
ፊቱ ደብረ ብርሃን፣ ጀርባው ሸዋ ሮቢት።
ለዚህ ኖሯል ለካ ልጅቷ ከኋላ የማትጠፋው፣
እጇን ዘርግታ የምትቆመው።

"ይሄስ?" አልኩ፣ መብራት የሌለው፣ ገመድ የሌለው ቆርቆሮ።
"ብላንክ ፓናል። ባዶ ዩ መድፈኛ።"
"ምን ይሠራል?"
"ምንም። እሱ ከሌለ ግን ትኩሱ አየር ዞሮ ፊት ይመጣል፣
ክፍሉ ሁሉ ይግላል።"
ዝም አልኩ።
ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ
ትንሽ ዝም ይላል።

በኅዳር፣ ውርጩ መስኮቱን ባነጣበት ሌሊት
መብራት ሄዶ መጣ፤ አንድ ነገር ሳይነሣ ቀረ።
ስንዱ ለአክስቷ ተዝካር ሮቢት ወርዳለች፤ ስልኬ ተጣራ፣
"ራክ ሁለት፣ ዩ አሥራ ሰባት፣ ስዊቹ! መብራቱ ምን ዓይነት ነው የሚበራ?"
ላይ፣ ማዋለጃው ክፍል፣ አዋላጇ የደም ውጤት ትጠብቃለች፣
ኮምፒውተሯ ፊት ቆማ ትረግማለች።

ተንበረከክሁ። ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ
በጣቴ ካቡን ወጣሁ፣ ከመሬት ተነሥቼ፦
አሥራ አምስት፣ ብላንክ። አሥራ ስድስት፣ ብላንክ።
አሥራ ሰባት። ቢጫ።

"ከኋላ ይንቀሉት፣ እስከ አሥር ቆጥረው ይመልሱት።"
እስከ አሥር ቆጠርኩ። ሃያም አደረግሁት፣ ለጥንቃቄ።
ፉርር አለ ማራገቢያው።
"በራ?"
"አረንጓዴ።"
ከድምፅዋ በስተጀርባ ሰው ያወራል፣ ሳህን ይንኳኳል፤
"እዚህስ ሙቀቱ አላስተኛንም" አለችና ዘጋች።

ላይ ማን እንደ ወለደ አልጠየቅሁም።
ጉልበቴን አራገፍኩ፣ በራኩ ጀርባ ዞርኩ፣
ሁለት እጄን ዘርግቼ
ሮቢት ደርሼ ተመለስኩ።