የነቃ ብርሌ

ልጃችን ጅማ ገባች፤ ቤቱ ዝም አለብን፤
ለሁለት ሰው ወጥ መሥራት እጄ አልለምድ ብሎ ሁሌ ተረፈብን።
አንድ ማታ ይመር፣ የፋብሪካው ጥጥ ቅንድቡ ላይ እንዳለ፣
"ሐይቅ ከተማ ሩጫ፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፤ አስመዘገብሁን" አለ።
"ሩጫው እሁድ ጧት ነው፤ ቅዳሜ ሄደን እናድራለን፤
ከሮጥን በኋላ ጠጅ እንጠጣለን።"
ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፤
"ለምን?" ልለው ነበር፤ "ስንት ብር?" አልሁት።

ሁለት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነሣን፤
በቦርከና ዳር ዳር ከውሻ ጋር ሮጥን፣ ከባጃጅ ጋር ሮጥን።
የኮምቦልቻ ሰው ሣቀ፤ "ምን ሰርቃችሁ ነው?" አሉን።
እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር የለመድነውን
ርቀት ጠብቀን፣ ያንኑ ስፋቱን።

ቅዳሜ ሐይቅ ገብተን አደርን ከትርንጎ ግቢ፤
ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ እብሬ ነው፣ ንብ አርቢ።
ማሩ የሱ፣ ጠጁ የሷ፤ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረው
አንድ ቀን ጠጇን አልቀመሰም፤ ዲኑ ነው።
እሷ ግን ሳይፈላ፣ ገና ብርዝ ሳለ
ቀድማ ትቀዳለታለች፤ ይጠጣል "አልሐምዱሊላህ" እያለ።
"እናንተም" አለችን፣ "ለዛሬ ከእብሬ ጋር፣ ብርዝ ብቻ፤
ጠጅ የሚጠጣው ነገ ነው፤ መጀመሪያ ሩጫ።"

እሁድ ጧት። ቁጥሬ አራት መቶ ስድስት፣ ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ፤
ጉሙ ከሐይቁ ሳይነሣ ለቀቁን፤ ወጣቱ እንደ ንብ መንጋ ሲያልፍ
እኛ ከአንድ ጡረተኛ ፖስተኛና
ከመርሳ ከመጣች አስተማሪ ጋር ቀረን፣ ከኋላ ሰልፍ።
እስከ ዘጠነኛው መልካም ነበር። አሥረኛው ላይ ዳገት።
አሥራ ሦስተኛው ላይ ይመር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፣
የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ፣ በጨዋነት።

"እኔ ነቃሁ፤ አንቺ ሂጂ" አለኝ። ሄድሁ።
መቶ እርምጃ ያህል፣ ምናልባት ሁለት መቶ፣ ብቻዬን ነጐድሁ።
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጀርባውን ሳይ ኖሬ፣
ከፊቴ ሐይቁ ብቻ ነበር ዛሬ።
ከዚያ ቆምሁ። ለምን እንደቆምሁ አላውቅም፤
ፍቅር ነው ብዬ አላስጌጠውም።
የክፍላችን ቁልፍ እሱ ኪስ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ይሆናል፤
ተመለስሁ ብቻ። ሰው እንደ ልማዱ ይመለሳል።

የቀረውን ስምንት ኪሎ ሜትር በእግር ሄድነው፣ ጎን ለጎን፤
ስለ ልጃችን አወራን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣
ደግሞም ስላንድ ነገር፤ እሱን እዚህ አልጽፍም፣ ይቅር ይሁን።
ስንደርስ ሪባኑ የለም፤ ዳሱን ያፈርሳሉ፤
"ሁለት ሜዳሊያ ተርፏል፣ እንኩ" አሉን፣ "የት ነበራችሁ?" እንኳ ሳይሉ።

ትርንጎ ውሃ አሞቀችልን፤ እግራችንን ነከርን፤
ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ጠበሰችልን።
ከዚያ ጠጁ መጣ። ሯጭ በዝቶባት ብርሌ አልቆባታል፤
አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ አንገቱ ተሰንጥቋል።
"ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይላል የኛ ሰው፤
ይኸን ግን መጣል አቃተኝ፤ ከስንጥቁ በታች ድፍን ነው።
ሙሉ አይዝም። ግማሽ ከቀዳሁበት ግን አያፈስም።"
ይመር ሣቀ። "እኛስ የሮጥነው ግማሽ ማራቶን አይደል፣
ያውም ከፊሉን በእግር! ከኛ አያንስም።"

በአንዱ ብርሌ ተቀባበልን፤ ጌሾው ፊት መጣ፣ ማሩ ኋላ።
እብሬ ካጥሩ ማዶ ቀፎውን ይከድናል፣ ሊመሽ ሲል ጥላ።
"ለመሆኑ" አልሁት፣ "ድንጋዩ ላይ ሆነህ 'ነቃሁ' ያልኸኝ፣
ጉልበትህን ነው፣ ወይስ…" አልጨረስሁትም። ቀና ብሎ አየኝ።
"ሁለቱንም" አለ።

በማግስቱ የትርንጎን ደረጃ መውረድ አቅቶን
እንደ ሸርጣን በጎን በጎን ወረድን፣ ተያይዘን፤
የኮምቦልቻው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ጠበቀን።