ለሌላ ዓይን የተለካ

ማኅደሩን ሳልከፍት ቆዳውን አሸታለሁ፤
ጣራ ሥር ይኑር ምድር ቤት፣ ከጠረኑ እለያለሁ።
ከዚያ ጥፍሬ ነው፣ ከሚዛን በፊት የማስቀድመው፦
ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ ነጋዴ ያደሰው?

ላፔንራንታ፣ ወደቡ ዳር፣ የሐሙስ ገበያ።
የሳይማ ሐይቅ ገና በረዶ ነው።
ሂልካ መጣች፤ ሰማንያን ያለፈች፣ ቀጥ ያለች ሴት፤
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፣ እንደ ታመመች ድመት።
«የአባቴ ነው። ስንት ያወጣል?»

በግራ ትከሻው ፕሪዝም፣ መሐሉን ጨረር የወጋው፤
የሩሲያ ፋብሪካ ማኅተም፣ ሲወለድ የወጣለት ስሙ ነው።
በቀኙ፣ በሣጥን ውስጥ፣ ሁለት የላቲን ፊደል፤
የፊንላንድ ጦር ንብረት። ተማርኮ፣ ዳግም ተጠምቋል።
አንድ መነጽር፣ ሁለት ጌታ። መጀመሪያ ከወዲያ ወዲህ አየ፣
ኋላም ከወዲህ ወዲያ፤ መሐሉ ላይ ማን ወድቆ እንደቆየ
ማኅተሙ አይናገርም። ዋጋውን ግን ያሳድጋል፤
ይህንኑ አልኳት፤ ሙያዬ እዚህ ድረስ ያውቃል።

ወደ ብርሃን አዘነበልኩት፦ ሌንሱ ሰማያዊ አይመልስም፣ ነጭ ነው፤
ሽፋን ያልለመደ አሮጌ። የፕሪዝሙ ጥግ ሻጋታ አለው፣
እንደ መስኮት ውርጭ ቅርንጫፍ ያወጣ። አሥር ዩሮ ቀነስኩ።
ማንገቻው ተቀይሯል፤ አምስት። የቀኙን ዓይን ማዞሪያ ነካሁ፤
እምቢ አለ። ቅባቱ ረግቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤
ከዜሮ በታች አራት ላይ፣ እዚያው ተቸክሏል።
«ይህ ትልቅ ጉድለት ነው» አልኳት።

ወፍራሙን የገዛ መነጽሯን አወለቀች።
ግራ ዓይኗን ጨፍና ወደ ሐይቁ አየች።
ቆየች።
«ምንም አልጎደለውም» አለች፤ «በረዶው ላይ ዓሣ አጥማጁ
ክሩን ሲጠቀልል አያለሁ፤ ጓንት የለውም ግራ እጁ።»

አባቷ ታውኖ፣ በጦርነቱ፣ ለራሱ ለክቶ የተወው፣
ሰማንያ ዓመት ተቆልፎ ለልጁ ዓይን ልክ የሆነው!

ትወስደዋለች ብዬ የዋጋ ወረቀቴን አጠፍኩ።
ሸጠችው።
አርባ አምስት ዩሮዋን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤
«ዓይኑ እኔ ጋ ነው፤ ብረቱን ምን አደርገዋለሁ?» አለች።

ጥቂት ቤንዚን ቢነካው ማዞሪያው ይለቅቅ ነበር።
ጠርሙሱ እግሬ ሥር ነው። ክዳኑን አልነካሁትም።
ደንበኛ አንሥቶ ያይና «ብዥ ይላል» ብሎ ያስቀምጣል።
«ልክ ነህ» እላለሁ። የዋጋው ወረቀት በነፋስ ይገለበጣል።