የእርሳስ ጭረት

ሳልሚያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በወጥ ቤቱ በር መቃን፣
በእርሳስ እየሰመርኩ ለክቼዋለሁ ሕፃኑን፤
ጡጦ ይዞ ጉልበቴ ጋ፣ ጥርስ ሲነቅል ወገቤ፣
ዘንድሮ ትከሻዬ ጋ፤ አጥንት ይግጣል አጠገቤ።

«ይርገዱ፣ ያንቺስ መስመር?» አለኝ ፈሃድ እየሳቀ፤
«የኔማ ድሮ አለቀ» ስል፣ ቃሉ አፌ ላይ ደረቀ።

ዘጠኝ ዓመት ያችው ጸሎት፣ ከቤት ስወጣ የቋጠርኳት፣
ከፓስፖርቴ ጋር አጥፌ ሳልፈታ ያስቀመጥኳት።
«ጠብቀኝ» ማለት አውቃለሁ፤ «አሳድገኝ» ግን አላልኩም፤
ደመወዝ ሲዘገይ ጮኼ፣ ሲገባ ለምስጋና አልተመለስኩም።
ቂሜንም እንደ ዲናር ቆጥሬ
አኑሬዋለሁ ፍራሼ ሥር፣ እስከ ዛሬ።

ልጁን ጡጦ ያስጣልኩት እኔው ነኝ፣ በእሬት፤
ነፍሴ አርባ ሊሞላት ነው፤ ዛሬም አልወጣችም ከወተት።

ትናንት ማዳም ስትጮህ ዝም አልኩ፤ ከፍርሃት አልነበረም።
ሌሊት ስሟን በጸሎት ጠራሁ፤ ሳይመረኝም አልቀረም።
ኤሲው ብቻ ሲያጉረመርም፣ ቤቱ ሁሉ በተኛበት፣
ከመቃኑ ግርጌ፣ መወልወያው በሚደርስበት፣
አጎንብሼ አሰመርኩ አንዲት ቀጭን ጭረት፤
ከፈሃድ የጡጦ መስመር ገና ስንዝር በታች ናት።

እርሳሱን ግን ወደ ቦታው አልመለስኩትም።