ማን ልበል?

የመጣሁት ለማሞቂያው ነው፣ ያንጠባጥባል ስላለችኝ፤
መፍቻዬን ይዤ አራት ፎቅ፣ ሲኞራ ኔሪና አስገባችኝ።
ትሪየስቴ ላይ ያን ሰሞን ቦራ የሚሉት ነፋስ ወርዶ፣
ሰው ገመድ ተደግፎ ያዘግማል፣ ባርኔጣው ባሕር ላይ ተሰዶ።
መስኮት ሁሉ ሲንኳኳ እሷ ዞር ብላም አላየችው፤
ያስፈራት ሌላ አንኳኪ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ያኖረችው።

ቲን! አለ ኮምፒውተሩ።
ቲን! ደግሞ። ከታች፣ በቀኝ ጥግ፣ ቀይ ሳጥን፦
«አምስት ቫይረስ ገብቶብዎታል! ፎቶዎችዎ ሊጠፉ ነው!
ጥበቃዎ ዛሬ አበቃ! መክፈያው እዚህ ጋ ነው!
ሮዛና ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ እየጠበቀችዎ ነው!»
«ሮዛና ማናት?» አልኳት። «እኔ እንጃ» አለች፣ «ብርድ ላይ ቆማ
ሦስት ሳምንት ትጠብቃለች፤ ታሳዝናለች ደሞ እሷማ።»

የጀመረው ከሰርዲን ነው። አጠባበሱን ልታይ ማታ
የከፈተችው ገጽ ጠየቃት፦ «ሰው ነዎት?» ብሎ በይሉኝታ።
«ሮቦት ካልሆኑ ‹ፍቀድ›ን ይጫኑ።» ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ሮቦት ተብላ አታውቅም። ተጫነች። ይኸው ነው ጥፋቷ።
ከዚያ ወዲያ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ መንጋ
ጓዳዋ ድረስ ገባ፣ ሲመሽባትም ሲነጋ።

ዛሬ ቦርሳዋ ተከፍቶ፣ ካርዷ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ፣
«ከፍዬ ልረፍ?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ጠፍቶ።
እኔስ ምን ብዬ ልመልስ? ስለ ውሃ ነው የማውቀው፤
ወለሉን ወልውለህ አትዘልቅም፣ ከቧንቧው ነው የምታንቀው።
«ሲኞራ» አልኩ፣ «ለመሆኑ የሚጠራዎ ማን ነው?»

ዝም አለች።
ከዚያ ወገቧ ቀና አለ።

የወደቡ ስልክ ቤት ነበረች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ከፊቷ መቶ ቀዳዳ፣ በእጇ ገመዱ ሁሉ፤
መርከብ ሲጠራ፣ ደላላ ሲጠራ፣ ሚስት ባሏን ስትሻ አልቅሳ፣
ካፒቴን ሰክሮ ሲደውል የራሱን ቁጥር እየረሳ፣
ማንንም ከማንም አላገናኘችም ሳትጠይቅ በቅድሚያ፦
«ማን ልበል?»
ይህች ቃል ነበረች ቁልፏ፣ የበሯም መዝጊያ።

መነጽሯን አደረገች። ጠጋ አለች ወደ መስታወቱ፤
«ማን ልበል?» አለችው ሳጥኑን፣ ልክ እንደዚያ እንደ ጥንቱ።
ሳጥኑ ስለ ቫይረስ ጮኸ። እሷ ግን ጩኸቱን ትታ
ከሥሩ የጉንዳን እግር መሳይ ፊደል አገኘች ቆይታ።
አድራሻ ነው። የቫይረስ ሐኪም አይደለም፣
የኮምፒውተሩ ድምፅ አይደለም፣ ባንክም ፖሊስም አይደለም፤
ያ የሰርዲኑ ገጽ ነው!
«አንተ ነህ እንዴ?» አለችው፣ የሰፈር ዱርዬ እንደያዘ ሰው።

ቅንብሩን ከፈትን አብረን፤ ‹ማሳወቂያ› የሚል ሰፍሯል፣
ውስጡ የተፈቀደለት አሥራ አራት ስም ተደርድሯል።
ሁሉም «ፈቅደውልኛል» ባይ፤ እሷ አንዱንም አታውቀው።
ማውሱን ልይዝላት ስል እጄን መታችኝ፦ «ልቀቀው!»
አንዱን ነቀለች። ሌላውን። እጇ የድሮ ልማዱን አግኝቶ፣
‹አግድ›፣ ‹አግድ›፣ ‹አግድ› እያለች፣ ፊቷ የልጃገረድ ወዝ ወዝቶ።
የመጨረሻዋ ሮዛና ናት። ጥቂት ዘገየች እሷን ስታይ፤
«መስመሩ ተይዟል፣ እመቤት» አለች፤ ጠፋች ከመስታወቱ ላይ።

ከዚያ ዝምታ። ክፉ አይደለም፣ ግን ሰፊ ነው።
ማሞቂያውን ፈታሁ። ቦራ መስኮቱን ይደበድባል።
«ሦስት ሳምንት» አለች ከኋላዬ፣ «የሚፈልገኝ ሰው የበዛ መስሎኝ ነበር።»
የምለው አጣሁ። ጎማውን ቀየርኩ፣ አጠበቅሁት፣
ደረሰኝ ጻፍኩላት፤ ወረድኩ።

በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «ማን ልበል?» አልኩ። «ኔሪና።
አሁንም ያንጠባጥባል» አለች። «በል ና።»