የግራ ጉልበቴ

ዳንጊሶ ወጌሻው፣ ከስታዲየሙ በር፣
ጉልበቴን በአውራ ጣት ጫን አድርጎ ሲመረምር፣
«ተቆጥቷል» አለኝ፣ ስለ ሰው እንደሚናገር።
«ሦስት ሳምንት አስተኛው፤ አላሙራን እርሳ።
ኋላ ብታነክስ፣ ስሜን እንዳታነሳ።»
እሺ አልኩት። ከፈልኩት።
ማታ ግን ጫማዬን ስቦርሽ ራሴን አገኘሁት።

ነሐሴ ነው። ሊነጋ ሲል፣ አስራ አንድ ተኩል።
ሐይቁ በጉም ተሸፋፍኖ፣ አልነሳም ይላል።
አሞራ ገደል ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፣
ግራ እግሩን አጥፎ፣ ክንፉን እንደ ካፖርት ጥሎ፣
የዕድር ዳኛ መስሎ።
«አንተንም ያምሃል?» አልኩት አቀርቅሬ፤
«የኔም ግራው ነው። ሦስት ወሩ ዛሬ።»

ስልሳ ኪሎ ሜትር፣ ሰባ ሦስት ሰው፤
አላሙራን ወጥቶ፣ በእንሰቱ ማሳ ዞሮ፣ ሐይቁ ዳር ሊመለስ ነው።
ደረቴ ላይ አርባ አንድ። ዝናቡ ግን ቁጥር አያነብም፣
አንደኛውን ከመጨረሻው አይለይም።

እኔ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
ከአረብ ሰፈር እስከ ጥቁር ውሃ፣ በር ሳንኳኳ ቤት ለቤት፣
ውሻ ስሸሽ፣ የሰው ፍጆታ ስጽፍ።
አሁን ያ ቆጣሪ ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ
እያንዳንዷን እርምጃ ይመዘግባል ተግቶ፤
ሂሳቡንም ወር ጠብቆ አያመጣም፤
እዚያው ነው፣ እግሬ መሬት ሳይለቅ፤ ዱቤ አያውቅም።

ቋንቋችንም ተንኮለኛ፦ መጋጠሚያውም ጉልበት፣
ብርታቱም ጉልበት።
«ጉልበቴን አሞኛል» ብላት፣ ዘርፌ
«ድሮስ ጉልበት መች ነበረህ!» ብላ ሳቀች፤
ስቃ ስታበቃ ግን ፋሻውን ራሷ ጠቀለለች።

ዳገቱን አልቀየመውም። ዳገት ያስለከልካል እንጂ አያታልል።
ወጣቶቹ አለፉኝ፣ ጀርባቸው በብርዱ እየተነነ።
አንዱ ዞር ብሎ «አይዞን አባባ!» አለኝ።
አባባ! ከጉልበቴ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ሠላሳ ስምንተኛው ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣
ላስቲክ የተከናነበች ልጅ። ደብተሯ ርሶ
አንዱ ቁጥር ባንዱ ላይ ፈሶ።
«አርባ አንድ... ታነክሳለህ እኮ» አለች።
«መኪናው እዚያ ነው። ሙዝም አለ።»
መኪናውን አየሁት። መስኮቱ በትንፋሽ ታፍኗል፤
ውስጡ ሦስት ሰው፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣
አንዱም አንዱን አያይም።
ሙዙን ወሰድኩ።

ነገሩ የመጣው ቁልቁለቱ ላይ ነው።
ከጎን፣ ከውጪ በኩል፣ እንደ ጋለ ወስፌ።
አንድ እርምጃ፣ ወስፌ።
ሁለት፣ ወስፌ።
ቆምኩ። ዝናቡ አልቆመም።
ዞርኩም፤ ልመለስ ግን አይደለም፤
ከንጉሥ ፊት እንደሚወጣ አሽከር፣
ፊቴን ለተራራው፣ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ፣
የኋልዮሽ፣ የእንሰት ቅጠል ጨብጬ፣
ቁልቁል፣ ቀስ...
ጉልበቴ ዝም አለ።
ተታሎ ይሁን፣ ወይ እሱም አላሙራን እያየ።

የሚመጡብኝን ሁሉ ፊት ለፊት አየሁ።
በሩጫ ዘመኔ ሁሉ የማውቀው ጀርባቸውን ነበር።
አንዷ ታለቅሳለች፣ ፍጥነቷን ሳትቀንስ።
አንዱ በሲዳምኛ ይቆጥራል፦ ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ፣
ሳሴ ላይ ሲደርስ ከሚቶ ይጀምራል።
ሐይቁን አላየሁትም። መቅረቡን በሽታው አወቅኩ፤
የዓሣ፣ የረጠበ ደንገል ጠረን
ከኋላዬ መጥቶ ማጅራቴን ነካኝ።

ስደርስ ባነሩ ወርዷል።
ሁለት ልጆች ሊያጥፉት ይታገላሉ፣ ነፋሱ ይቀማቸዋል።
ሰዓት ያዡ ቤቱ ገብቷል።
ከዋርካው ሥር ግን አንድ ጃንጥላ፤
ከጃንጥላው ሥር ዳንጊሶ፣ የተቆጣ፣ ብቻውን።
ይቅርታ ልል፣ ጉልበቱን ልስም፣ ጎንበስ አልኩ፤
እሱም በዚያችው ቅጽበት
ጉልበቴን ሊዳስስ ጎንበስ፤
ግንባራችን ተጋጨ።
ጃንጥላው በረረ።
«ይሄንንስ» አለ፣ ግንባሩን ይዞ፣
«ይሄንንስ ማን ያሸዋል?»