ግማሽ በር

ሥዕል ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ መምህራችን ቆሞ፣
የበርን ምሳሌ «አንድም… አንድም…» እያለ ተርጉሞ፣
«ገርበብ ያለው ተስፋ፣ የተዘጋው ምሥጢር፤
መድረኩን ረግጦ የቆመ ሰው ቢኖር፣
ከሁለት ዓለም ነው፤
እመቤታችን ኆኅተ ምሥራቅ ተብላ ስትሣል፣
የታተመች ደጅ ናት፣ ንጉሥ ብቻ ያለፈባት» ብሎ አስጽፎናል።
ሁሉንም ጽፌአለሁ። ደብተሩ ቤት ስቀይር ጠፍቷል።

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሎደር ካረሰው ግቢ፣ ከተናደው ጭቃ፣
የእትዬ ወርቅያንጥፉ ሰማያዊ በር ብቻውን ተረፈ፤
ረጋሳ የበየዳቸው ሁለት አንበሶች ተፋጠው፣
(አንዱ ድመት ይመስላል፣ ላሜራ አንሶት ነው)
በመሐላቸው የወረዳው ሰው በቀይ ቀለም ኤክስ ጽፎ ያለፈ።
ሁለት ቀን ቆመ። አጥር የለ፣ ቤት የለ፤
አላፊው ግን ሁሉ በሩን ዞሮ እንጂ በመሐሉ አላለፈም፣
ልማድ ሆኖበት መሰለኝ።
እኔም ከሩቅ አይቼ «ይኼ ነው ሥዕሌ!» አልኩኝ።

አንዱን ክንፍ ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰደ።
ሌላውን እሳቸው በአህያ ጋሪ አስጭነው፣
ከተከራዩአት አንዲት ክፍል፣ ከአልጋው ራስጌ፣
ግድግዳው ላይ አስደገፉት።
ድመት የሚመስለው አንበሳ ነው የደረሳቸው።
የኤክሱ እኩሌታ ቀስት መስሎ ቀርቷል፣
ወደ ሌለው ክንፍ ያመለክታል።

«አምስት ሺህ ልስጥዎት፣ ለአውደ ርእይ ነው» አልኳቸው፤
ከጠፋው ደብተር የማስታውሰውን ደረደርኩላቸው፣
ስለ መሻገር፣ ስለ ተስፋ፣ ስለ ሞት ጭምር።
ሲሰሙኝ ካንገታቸው የተንጠለጠለውን ቁልፍ ያሻሹ ነበር።

«ልጄ፣ ለካርታ ሦስት ዓመት፣ ለውኃ ቆጣሪ ዓመት ከመንፈቅ ደጅ ጠናሁ፤
ደጅ ስጠና ኖሬ፣ ይኸው ደጅ ወጣሁ።
ያንተ ሥዕል ይኼን ምን ይለዋል?»
ምንም አይለውም። የቀረበልኝን ሻይ ጠጣሁ።

ልሄድ ስነሣ የአከራያቸው ልጅ ሲምቦ እየሮጠች ገብታ፣
አልጋው ላይ ወጥታ፣ አንበሳውን በትንሽ ጡጫዋ መትታ፣
ጆሮዋን ላሜራው ላይ ለጠፈች።
«ማነው?» አሉ እትዬ ወርቅያንጥፉ፣ ከአጠገቧ ተቀምጠው።
«እኔ ነኝ።»
«እኔ ማን?»
«ሲምቦ!»
«ቆይ፣ ልክፈትልሽ»
ብለው፣ ቁልፉን ካንገታቸው አወለቁ።