ምን አለ

በክላክስቪክ ወደብ፣ ከዓሣ መጋዘን በላይ፣ ፎቁ ሁለተኛ፣
ዱሪታ ኮድ ትጽፋለች፤ ዝናቡ አያስተኛ።
የጀልባ መዝገብ ነው የያዘችው ሥራ፦
ስንት ዓሣ ተያዘ፣ ከየት ባሕር፣ በማን ተራ።

ከስክሪኑ ራስ ላይ ሦስት መስመር በጎኑ፤
ነካ ሲያደርጉት ዘርገፍ ይላል ሜኑ።
«የተያዘ» አለች፤ ከሥሩ «ዝርያ»፤
ከዝርያው «ቶስኩር»፤ ከቶስኩር «መጠን»፤ ከመጠን «መለኪያ»።
ጓዳው ጓዳ ወልዶ፣ ያም ሌላ ጓዳ አለው፤
መውጫውን የሚያውቅ የሠራው ብቻ ነው።
ያምራል ግን። ጥላው ስስ፣ ጠርዙ የተሞረደ፣
እንደ ሐር መጋረጃ ቀስ ብሎ የወረደ።
«መዝግብ» ከላይ ቆሟል፤ «ሰርዝ» ከእግሩ ሥር፤
በሁለቱ መካከል የጸጉር ያህል አጥር።

ሃኑስ ባሕር ላይ ነው። ጥር ነው። ሌሊት ነው።
አውራ ጣቱ፣ ጨውና ገመድ አርባ ዓመት ያደነደነው፣
ከእርጥብ ጓንት ወጥቶ ስክሪኑን ፈለገ፤
ማዕበሉ ጣቱን የገብስ ቅንጣት ያህል ዝቅ አደረገ።

ንጋት ላይ ደወለ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም።
«ዓሣው በረዶ ላይ አለ፤ መዝገቡ ግን የለም።»

ሮግቪ፣ አለቃዋ፣ በበሩ ብቅ ብሎ፣
እርጥብ ጃኬቱን በጣቱ አንጠልጥሎ፣
«ምን አለ?» አላት።

እነሱ በቋንቋቸው ያሉትን እኔ በኔ ብጽፈው፣
ፊደሉ አንድ መሆኑ ነው እንቅልፍ የነሳኝ ጣጣው፦
ጠብቆ ሲነበብ፣ ቤት ያፈራው ቆጠራ፤
ላልቶ ሲነበብ ግን፣ ያ ሰው ምን አወራ።
«ምናሌ» ስንልም፣ ጆሮዬ ሲሰማው፣
የጠበቀው ብቻ ነው የሚያስተጋባው።
ዱሪታም ስድስት ወር፣
ያለውን ዘረዘረች፣
ያለውን ሳትሰማ።

ሐሙስ ዕለት ታብሌቱን ታቅፋ ጀልባው ላይ ወጣች፤
የሃኑስን ጓንት አጥልቃ፣ ባልዲ ውኃ እጇ ላይ አስፈሰሰች።
«እስቲ አስገቢ» አላት፤ «አንድ ሣጥን ቶስኩር።»
ሰባት ጊዜ ነካች፤ ሰባቴ ሳተች፤
እሱ ቀና አለ፣ የባሕር ወፍ ሊቆጥር።

የዚያ ሳምንት ሥራዋ ማፍረስ ብቻ ነበረ፤
አራት መቶ መስመር፣ «ካልሆነ» «ከሆነ» ውስጥ የተቀበረ፣
ተነቀለ። ሦስት ቁልፍ ቀረ፣ እያንዳንዱ መዳፍ የሚያህል፤
«ሰርዝ»ን ማዶ ጥግ አሰደደችው፣ ቀይ ለብሶ፣ ብቻውን እንዲውል።
ያ ስስ ጥላ፣ ያ የሐር መጋረጃ የለም።
ሮግቪ «አስቀያሚ ነው» አለ። እሷም አልካደችም።
«ይህን ሁሉ ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?»
«ስቀንስ» አለችው፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፣ ከዝናቡ መጋረጃ፣ ከወደቡ ዳር።

ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም። አንድ ሳምንት፤ ሁለት።
ሃኑስ ምን አለ?
ምንም አላለም።
ዝምታው ዘይት እንደጠጣ የበር ማጠፊያ ነው።

ብቻ ከተማው ተኝቶ፣ ፋኖስ ውኃ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣
እሷ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጠብ ይላል፦
ቶስኩር፤ ስድስት መቶ አርባ ኪሎ፤
ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።